ልክ ያለው ቁስል

በታችኛው መንጋጋ የፊት ጥርሶች መካከል አጥንት ለመቁረጥ የሚነሳ እጅ ብዙ ቦታ የለውም። በሁለት ሥሮች መካከል ያለው አጥንት አንዳንዴ ከሁለት ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ጥርሶቻቸው በተነባበሩ ሰዎች ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ግራና ቀኙ የጥርስ ሥር ነው፤ ብረቱ ከነካው ይጎዳል። በሁለቱ ጥርሶች መካከል ሾጠጥ ብሎ የሚወጣ የድድ ጫፍ አለ፤ እሱ ከተቆረጠ እንደነበረው ሆኖ መሙላቱ ያጠራጥራል። ትንሽ ወደ ጎን ሲሉ ደግሞ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ከአጥንቱ ብቅ የሚልበት ቀዳዳ ይገኛል። በዚህች ስፍራ ላይ ሐኪሙ ቁልቁል አንድ መስመር ይሰነጥቃል፤ መጀመሪያ ድዱን በስለት፣ ከዚያም አጥንቱን በፍጥነት በሚርገበገብ ስስ ብረት። ብረቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ገብቶ ይወጣል።

ሥራው ይኸው ነው። ጥርሱን ማንም አልነካውም። ሆኖም በሽቦ ታስሮ በወር አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ሲንፏቀቅ የነበረው ጥርስ ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት እርምጃው ሊፈጥን ይችላል። ለምን እንደሚፈጥን ለመረዳት ሐኪሞች አርባ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል፤ ምክንያቱ እየገባቸው በሄደ መጠንም ቁርጡ እየጠበበ፣ ቁስሉ እየቀለለ መጣ። እኔን የሚማርከኝ ይህ እያነሰ መሄዱ ነው። ብዙውን ጊዜ አንድ የእጅ ሥራ ሲሻሻል የሆነ ነገር ይጨመርበታል። እዚህ ግን እያንዳንዱ ባለሙያ ከቀደመው ሰው ሥራ ላይ አንድ ነገር ቀንሶ አለፈ።

መጀመሪያ ጥርስ በብሬስ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ። የጥርስ ሥር ከመንጋጋ አጥንት ጋር በቀጥታ አልተጣበቀም። በመካከላቸው ውፍረቱ የሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ገደማ የሆነ የጅማት ሽፋን አለ፤ ስናኝክ ጥርሱን ደግፎ የሚይዘው እሱ ነው። ሽቦው ጥርሱን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲገፋው ሽፋኑ ከፊት ይጨመቃል፣ ከኋላ ይሳባል። በተጨመቀው በኩል አጥንት የሚያሟሙ ሕዋሳት ይሰበሰባሉ፤ በተሳበው በኩል አጥንት የሚሠሩት። ጥርሱ የሚጓዘው ከፊቱ እየተናደለት፣ ከኋላው እየተገነባለት ነው።

ታዲያ ጠንከር አድርጎ ቢገፉትስ? ስዊድናዊው ካርል ሳንድስቴት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በውሾች ጥርስ ላይ ሞክሮ መልሱን አይቶታል። ግፊቱ ሲበዛ የተጨመቀው ሽፋን ደም ያጣል፣ ሕዋሳቱ ይሞታሉ፣ ሽፋኑም በማይክሮስኮፕ ሲታይ መስታወት መሰል ይሆናል። ያ የሞተ ነገር ተበልቶ እስኪጸዳ ድረስ ጥርሱ ባለበት ይቆማል። አጥብቆ የገፋ ሐኪም ጊዜ ይከስራል እንጂ አያተርፍም። በበጋ በደረቀ መሬት ላይ የተተከለ ችካል ሊነቅል የፈለገ ገበሬ ይህ ነገር አይጠፋውም፤ ከችካሉ ጋር ከመታገል ዙሪያውን ውሃ ማፍሰስ ይቀለዋል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ውሃ አፍሳሾቹ ናቸው።

ብሬስ ሁለት ዓመት ገደማ አፍ ውስጥ ይቆያል። በእነዚያ ዓመታት ምግብ በብሬሱ ዙሪያ እየቀረ ጥርሱ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ሊያወጣ፣ አንዳንዴም የሥሩ ጫፍ ቀስ በቀስ እየሟሟ ሊያጥር ይችላል። የጎልማሳ አጥንት ደግሞ ከልጅ አጥንት ይልቅ ለመለወጥ ይዘገያል። ስለዚህ ጊዜ ለማሳጠር መፈለግ ትዕግሥት ማጣት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ምንም እንኳ ለሰርጉ ፎቶ የሚቸኩል ታካሚ የማይጠፋ ቢሆንም።

መንጋጋን ቆርጦ ጥርስን ለማሳለጥ የተሞከረው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ነገሩን መልክ ያስያዘው ግን ኦስትሪያዊው ሐኪም ሃይንሪሽ ኮለ ነው፤ በ1959 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የኮለ ሐሳብ ለማንም በቀላሉ የሚገባ ነበር። የመንጋጋ አጥንት ውጪው ጠንካራ ቅርፊት፣ ውስጡ ስፖንጅ መሰል ነው። ጥርሱን አላላውስ ያለው ቅርፊቱ ከሆነ፣ ቅርፊቱን በየጥርሱ መካከል ብንቆርጠው ጥርሱ ካቀፈው አጥንት ጋር እንደ አንድ ቁራጭ ይንቀሳቀሳል፤ ቁራጮቹን ከሥር የሚያያይዛቸው ለስላሳው አጥንት ብቻ ይሆናል። በዚህ እምነት ኮለ ድዱን ከውጭም ከውስጥም ገልጦ በጥርሶቹ መካከል ቁልቁል ቆረጠ፤ ከሥሮቹ ጫፍ በታች ደግሞ አጥንቱን ከወዲህ ወዲያ አግድም በሳው። ዋና ዋናው የጥርስ ጉዞ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ውስጥ እንዳለቀ ዘገበ።

ውጤቱ እውነት ነበር፤ ምክንያቱ ግን ሌላ። ይህን ግን ለረጅም ጊዜ ማንም አላወቀም። ብዙ ሐኪሞችም ሐሳቡን ወደውት ሥራውን ፈሩት፤ ያን ያህል ድድ ገልጦ ያን ያህል አጥንት በስቶ ጥርሱ ደም ቢያጣ፣ አጥንቱ ቢሞትስ? ጃፓናዊው ሱያ ከታች ያለውን አግድም ብስ ትቶ በቅርፊቱ ላይ ብቻ በሚሄድ ቁርጥ ተካው፤ በ1991ም የ395 ጎልማሶችን ውጤት አቀረበ። የመጀመሪያው ቅነሳ ይህ ነው። ሱያም ቢሆን የቁራጮቹን ሐሳብ አልተወም። የተቆረጡት ሳይገጥሙ ሥራው በሦስትና አራት ወር ውስጥ ማለቅ አለበት ይል ነበር። ጊዜውን በትክክል አይቶታል፣ ምክንያቱን ግን አላገኘውም።

ምክንያቱን ያገኘው ጥርስ የማይነካ ሰው ነበር። የተሰበረ እግር ያሸ ወጌሻ ሁሉ ስብራቱ አካባቢ ሞቅ ብሎ፣ አብጦ፣ ቀልቶ እንደሚሰነብት ያውቃል። አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ሃሮልድ ፍሮስት ያ ሙቀት ምን እንደሚሠራ መርምሮ በ1983 ባወጣው ጽሑፍ አጠቃለለው። አጥንት ሲቆስል ጠገኑ የሚካሄደው በተሰበረችው መስመር ላይ ብቻ አይደለም። በዙሪያው ያለው ጤነኛ አጥንት ጭምር መፍረስና መገንባቱን ከወትሮው እጅግ ያፈጥነዋል። ፍጥነቱ ቁስሉ በደረሰ በቀናት ውስጥ ይጀምራል፣ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይረግባል። ቁስሉ በተለቀ መጠን ምላሹም ይተልቃል። ፍሮስት የሚያስበው ስለ ጭንና ስለ ቅልጥም አጥንት ነበር፤ የጥርስ ሐኪሞች ጽሑፉን አንስተው ወደ መንጋጋ እስኪያመጡት ብዙ ዓመት አለፈ።

ያመጡት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ቶማስ ዊልኮ የድድ ሐኪም፣ ዊልያም ዊልኮ ጥርስ አስተካካይ፤ ሁለቱም ፔንስልቬኒያ ውስጥ በኢሪ ከተማ የሚሠሩ። በአንድ አፍ ላይ ሁለት ሙያ የሚጠይቅ ሥራ በአንድ ቤት ልጆች እጅ መውደቁ አጋጣሚ ነው፤ ግን የተመቸ አጋጣሚ ነው። አንዱ የቆረጠውን ሌላው በሽቦ ይከታተላል፣ በመካከላቸው የሚላላክ ደብዳቤ የለም። ጥርሳቸው ክፉኛ የተነባበረ ሁለት ታካሚዎችን አክመው ሲጨርሱ በሲቲ ስካን አጥንቱን አዩት። ኮለ ትክክል ከሆነ ምስሉ ላይ ከቦታቸው የተንቀሳቀሱ የአጥንት ቁራጮች መታየት ነበረባቸው። አልታዩም። የታየው በቁርጦቹ ዙሪያ የገረጣ አጥንት ነበር። ካልሲየሙና ሌላው ማዕድን ለጊዜው ሸሽቶ ለስላሳው የአጥንት መረብ ብቻ ቀርቷል፤ ጥርሱ ያንን መረብ እየሳበ ተጉዟል፤ ሲደርስ ማዕድኑ ተመልሶ እየገባ ነበር። በ2001 ያሳተሙት ጽሑፍ የኮለን ቁራጮች ታሪክ አደረጋቸው።

የዚህ ግኝት ትርጉም ለባለሙያ እጅ ትልቅ ነው። ቁራጭ ማንቀሳቀስ ካላስፈለገ ቁራጭ መለየትም አያስፈልግም። ቁርጡ መስመር ቢሆን፣ ነጥብ ቢሆን፣ ቢጣመም፣ አጥንቱ የሚሰማው መቁሰሉን ነው። ሐኪሙ ከአናጢነት ነፃ ወጣ። ዊልኮዎቹ ትንሽ ክብ ጫፍ ያለው መሰርሰሪያ ይዘው፣ የጨው ውሃ እየፈሰሰበት፣ በሥሮቹ መካከል ባለው ቅርፊት ላይ ጎድጎድ ያለ መስመር ይስላሉ፤ ከአጥንቱ የላይኛው ጠርዝ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብለው ይጀምራሉ፣ ምክንያቱም ያ ጠርዝ ከተበላ ድዱም አብሮት ይወርዳል። ከሥሮቹ ጫፍ በታች መስመሮቹን በለዘብተኛ ቅስት ያገናኟቸዋል። ቅርፊቱ ወፈር ባለበት ቦታ ነጠብጣብ ቀዳዳዎች ይጨምራሉ፤ በሥሩ ላይ እንደ ወረቀት በሳሳበት ቦታ ምንም አይነኩም።

ጥልቀቱን በምን ያውቁታል? በደም። ጠንካራው ቅርፊት ሲቦረቦር ነጭ ዱቄት ይሰጣል እንጂ እምብዛም አይደማም። መሰርሰሪያው ቅርፊቱን አልፎ ስፖንጁን አጥንት በነካባት ቅጽበት ከመስመሩ ሥር ቀይ ነጠብጣብ ብቅ ይላል። እጅ የሚነሳው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው እያንዳንዱ የሚሊ ሜትር ክፋይ ለፍጥነቱ የሚጨምረው ነገር ሳይኖር ለሥሩ አደጋ ይሆናል። የቀዶ ጥገናውን ቪዲዮ ቀስ አድርጎ ለተመለከተ ሰው ከሁሉ የሚያምረው ይህ ነው፤ በነጩ አጥንት ላይ ቀዮቹ ነጥቦች አንድ በአንድ ሲበሩና መሰርሰሪያው ከእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ወዲያው ሲነሳ። እጁ ያልበሰለ ሐኪም እዚህ ላይ ይታወቃል። እሱ «ለማንኛውም» ብሎ ትንሽ ይጨምራል።

ከዚህ በኋላ ዊልኮዎቹ በተቦረቦረው አጥንት ላይ የተፈጨ የአጥንት ዱቄት ያነጥፉበታል። ጥርሶች ወደ ፊት ሲሰለፉ ሥሮቻቸው ከቀጭኑ አጥንት ገፍተው እንዳይወጡ ውፍረት ለመጨመር ነው። ይህ ክፍል የእነሱ አሻራ ነው፤ እንዲያውም ከፍጥነቱ ይልቅ ትልቁ ትርፍ ይኸው ነው የሚሉ የድድ ሐኪሞች አሉ፣ እኔም ወደዚያ አደላለሁ። ፍጥነት ያልፋል፤ ሥሩን የሸፈነ አጥንት ግን ሽቦው ከወለቀ በኋላም ለጥርሱ ይቆያል። በመጨረሻ ድዱ ተመልሶ ይሰፋል። ታካሚው ለቀናት ፊቱ አብጦ ይሰነብታል። ገና ብዙ የሚቀነስ ነገር አለ ማለት ነው።

የፍሮስት ሐሳብ በመንጋጋ ላይ እንደሚሠራ በ2008 በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት አሳየ። ቅርፊቱ በተነካበት ስፍራ አጥንት ማፍረሱም መገንባቱም በሦስተኛው ሳምንት ወደ ሦስት እጥፍ ደረሰ፤ በአሥራ አንደኛው ሳምንት ወደ ነበረበት ተመለሰ። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲታዩ ሐኪሙን ያስቸኩላሉ። አንደኛው ጉልበት የት እንደሚገኝ ይነግረዋል፣ ሁለተኛው በሩ መቼ እንደሚዘጋ።

ቀጣዩ ቅነሳ የመጣው ከመሣሪያ ነው። በ1880 ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች (ይህ ታሪክ ወንድማማች አያጣም) አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ አገኙ፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጧቸው ደግሞ መጠናቸው በጥቂቱ እንደሚለዋወጥ ብዙም ሳይቆይ ታወቀ። ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ብታቀያይሩት ክሪስታሉ ይርገበገባል፤ ጫፉ ላይ የተገጠመው ብረትም አብሮት። ጣሊያናዊው ቶማሶ ቨርቸሎቲ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መዝጊያ ላይ ይህን መርገብገብ ለአፍ አጥንት መቁረጫ አደረገው። የብረቱ ጫፍ በሰከንድ ከ25 እስከ 29 ሺህ ጊዜ ገደማ ይመላለሳል፤ ምልልሱ ግን ቢበዛ ከሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ አያልፍም። በዚህ ልክ የሚንቀጠቀጥ ብረት ደረቅና ጠንካራ የሆነውን አጥንት ይቆርጣል። ድድ፣ የደም ሥርና ነርቭ ግን ለስላሳ ስለሆኑ ከብረቱ ጋር አብረው ወዲያ ወዲህ ይላሉ እንጂ አይቆረጡም፤ እነሱን ለመቁረጥ ከ50 ሺህ በላይ ምልልስ ያስፈልጋል።

ስለዚህ መሣሪያ ሲወራ አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ «አጥንት ብቻ የሚቆርጥ ቢላ» ብሎ። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ያን ያህል የዋህ አይደለም። የጥርስ ሥርም ጠንካራ ነው። ብረቱ ለድድና ለነርቭ ይራራል፣ ለሥር ግን አይራራም፤ ሐኪሙ መስመሩን ከሳተ ሥሩን እንደ አጥንቱ ይበላዋል። ሁለተኛም፣ መሰርሰሪያ የለመደ እጅ ቁርጡ ሲዘገይበት ይጫናል። ይህን ብረት የተጫነው ሰው መርገብገቡን ያፍነዋል፤ መቁረጡ ቀርቶ መጋል ይጀምራል። አጥንት ደግሞ ሙቀት አይችልም። 47 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለአንድ ደቂቃ ከቆየበት እንደሚጎዳ ስዊድናውያን ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ አሳይተዋል። ለዚህ ነው ቀዝቃዛ ውሃ ሳያቋርጥ የሚፈስበት፤ ለዚህም ነው ብረቱን የሚያውቁ ሐኪሞች እንደ ብዕር ላላ አድርገው ይዘው በአጥንቱ ላይ ወደፊት ወደኋላ የሚያመላልሱት። ሽቦው ላይ ጉልበት እንዳልሠራ ሁሉ ቢላውም ላይ አይሠራም።

በዚሁ ሰሞን ሌላ መንገድ የሞከሩም ነበሩ። የኮሪያ ሐኪሞች ድዱን ሳይገልጡ ስለት በመዶሻ መታ መታ እያደረጉ በድዱ በኩል አጥንቱን ሰነጠቁ። ድዱን አለመግለጡ ትልቅ ሐሳብ ነበር። ግን ነቅቶ የተቀመጠ ሰው መንጋጋ ላይ መዶሻ ማሳረፍ፣ በማደንዘዣም ቢሆን፣ ለታካሚው የሚወራ አይደለም።

በቦስተን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ሰርዥ ዲባር በ2009 የቨርቸሎቲን ብረትና የኮሪያውያኑን ድድ ያለመግለጥ ሐሳብ አገናኘ። ድዱ አይገለጥም፤ መዶሻም የለም። ብሬሱ ከሳምንት በፊት ይታሰራል። ታካሚው አካባቢውን ብቻ የሚያደነዝዝ መርፌ ይወጋል። ሐኪሙ በከንፈር በኩል ብቻ፣ ከድዱ ሾጣጣ ጫፍ ዝቅ ብሎ፣ በሥሮቹ መካከል ትንንሽ ቁልቁል መስመሮች በስለት ይከፍታል። በእያንዳንዷ ክፍተት የሚርገበገበውን ብረት ያስገባል፤ ብረቱ ላይ የተቀረጸው የጥልቀት ምልክት ሦስት ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ ያወጣል። በምላስ በኩል ምንም አይነካም። አጥንት መጨመር የሚያስፈልገው ቦታ ካለ ከአንዷ ክፍተት ወደ ሌላዋ በድዱ ሥር መንገድ ከፍቶ ዱቄቱን በዚያ ይሰድዳል፤ ስፌት የሚያስፈልገውም እዚያ ብቻ ነው። የኮለን ሥራ ከዚህ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ላስቀመጠ ሰው ሃምሳ ዓመት ምን እንደቀነሰ በዓይኑ ያየዋል።

ድድ መገለጡ ሲቀር ግን አንድ ነገር አብሮ ጠፋ፤ ማየት። ዊልኮዎቹ ሥሩ በቅርፊቱ ላይ ያበጠበትን እያዩ ነበር የሚቦረቡሩት። ዲባር የሚቆርጠው በድድ ተሸፍኖ ነው። ሥሩ ወዴት እንዳዘነበለ የሚያውቀው አስቀድሞ ካነሳው ምስልና በጣቱ ጫፍ ድዱን ሲዳስስ ከሚሰማው እብጠት ነው። የተጠማዘዘ ሥር ያለው ጥርስ ከላይ ሲታይ ቀጥ ብሎ ሊቆም ይችላል፤ አጥንቱ ውስጥ ግን ወደ ጎረቤቱ ተጠግቷል። በዚህ ሥራ ላይ የሥር ጉዳት መድረሱን የዘገቡ ጥናቶች መኖራቸው አያስገርምም። አሁን አሁን አንዳንዶች በሲቲ ምስሉ ላይ ቁርጡን አስቀድመው ነድፈው በ3ዲ ማተሚያ ጥርሱ ላይ የሚገጠም መሪ ይሠራሉ፤ ብረቱ በመሪው ስንጥቅ ብቻ ይገባል። ጥሩ ነገር ነው። ቢሆንም መሪውን የሚነድፈው ዓይን ያው የሐኪሙ ዓይን ነው።

ጠባሳም አለ። ድድ በደንብ ይድናል፤ ግን ሁልጊዜ ምልክት ሳይተው አይደለም። ሲስቅ ድዱ የሚታይ ሰው ላይ እያንዳንዷ መስመር ታሳስባለች፤ ጠቆር ባለ ድድ ላይ ደግሞ ነጣ ያለች ጠባሳ ከሩቅ ትለያለች። ድዳቸውን በመርፌ እየተወጉ በንቅሳት ያጠቆሩ እናቶች ባሉበት አገር ድድ የውበት ስፍራ መሆኑን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ፍንጭት ያላት ልጅ የምትዘፈንበት አገርም ነው፤ የፊት ጥርሷን ክፍተት ለመዝጋት ብሬስ ያሰበች ወጣት ቢላ ከመምጣቱ በፊት አያቷን ብታማክር አይከፋም።

ቢላው ከወጣ በኋላ ያለው ሥራ የጥርስ አስተካካዩ ነው፤ እዚህም ላይ የእጅ ጥበብ የጊዜ ጥበብ ይሆናል። የተለመደው ብሬስ በየአራትና አምስት ሳምንቱ ይታያል። አጥንቱ በተከፈተ ጊዜ ግን ሽቦው በየሁለት ሳምንቱ መታየትና መለወጥ አለበት፤ የተገኘው ፍጥነት በአራተኛው ወር ገደማ እየቀዘቀዘ ነው። አንድ ቀጠሮ የዘለለ ታካሚ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ብዙ ያጣል። ማስታገሻም ቢሆን የተመረጠ ነው። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ሕመሙን የሚያበርዱት ብግነቱን በማፈን ነው፤ እዚህ ደግሞ የሚፈለገው ያ ብግነት ነው። ስለዚህ ታካሚው ፓራሲታሞል ይታዘዝለታል። ከሰፈሩ ፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ገዝቶ የዋጠ ሰው የከፈለበትን ቁስል ራሱ ያበርደዋል።

ቅነሳው መጨረሻው የት ነው? በ2013 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስለቱንም ትተው በድዱ በኩል በቀጥታ አጥንቱ ላይ ሦስት ትንንሽ ቀዳዳ ብቻ በሱ። ወደ ኋላ የሚሳበው ክራንቻ በአንድ ወር ውስጥ ከ2 እጥፍ በላይ ፈጠነ አሉ። ዜናው ብዙዎችን አስደሰተ፤ ቀዳዳ መብሳት የቀዶ ሐኪም እጅ አይጠይቅም፣ ጥርስ አስተካካዩ ራሱ ወንበሩ ላይ ይሠራዋል። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሲሞክሩት ግን ብዙዎቹ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። በእኔ ግምት ነገሩ ከፍሮስት ቃል ይመነጫል። ምላሹ በቁስሉ ልክ ከሆነ፣ አጥንቱ ሳይሰማው የሚያልፍ ቁስልም አለ። መቀነስ ጥበብ የሚሆነው ወለሉ እስኪነካ ድረስ ነው።

የዲባር መንገድም ቢሆን ማስታወቂያ እንደሚለው አይደለም። በ2016 በቤልጅየም 24 ጎልማሶች ላይ የተደረገ ሙከራ የሕክምናው ጊዜ በ43 በመቶ እንዳጠረ አሳይቷል፤ ልዩነት ያላዩ ሙከራዎችም አሉ። ጥናቶቹን ሰብስበው የመዘኑ ሰዎች ማስረጃው ገና ደካማ ነው ይላሉ። ፍጥነቱ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ የብሬስ ረጅሙ ክፍል ደግሞ መጨረሻው ነው፤ ንክሻው ላይ የላይና የታች ጥርስ በትክክል እስኪገጥሙ ያለው ማስተካከያ። እዚያ ሲደረስ አጥንቱ ወደ ወትሮው ተመልሷል። ሥራውን የሚያደንቅ ሰው ይህን ቢያውቅ አድናቆቱ አይቀንስበትም፤ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ቢያውቀው ደግሞ ይሻለዋል።

ለዚህም ይመስለኛል የተካኑት ሐኪሞች ከፍጥነቱ ይልቅ ወደ ሌላ ጥቅም የዞሩት። ብሬስ ሁልጊዜ የመጎተት ጨዋታ ነው፤ አንዱ ጥርስ ወደ ኋላ እንዲሳብ ሌላው መልሕቅ መሆን አለበት፣ መልሕቁም ሳይፈለግ ወደ ፊት ይንሸራተታል። አሁን ሐኪሙ ከመቁረጡ በፊት ጥርሶቹን ለሁለት ይከፍላል፤ የሚሄዱና የሚቆዩ። ወደ ኋላ መምጣት ያለበት ክራንቻ ከሆነ በዙሪያው ያለው አጥንት ይሰነጠቃል፣ ለጊዜውም ማዕድኑ ይሳሳል። ከኋላ ያሉት መንጋጋ ጥርሶች አጥንት አይነካም፤ በሙሉ ጥንካሬው ይቆያል። ያው ሽቦ፣ ያው ጉልበት ሁለቱን ወገን እኩል ሲስብ የሚበልጠውን መንገድ የሚመጣው ክራንቻው ነው።